አይጥን ከቤት ስለ ማራቅ

በግልጽ የሚመጣ ጠላት መምጣቱን ራሱ ያስታውቃል፤ ድምፁ ይሰማል፤ አቧራው ይታያል፤ ሰውም ተሰብስቦ ይመክተዋል። በሌሊት ተሸሽጎ የሚገባ ጠላት ግን ከባለቤቱ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ብዙ ዘመን ይኖራል። ከጐተራው ይበላል፤ ልብሱን ይቀዳል፤ ቤተ ሰቡን በበሽታ ይለክፋል፤ ባለቤቱም ከመናደድ በቀር አንዳች ሳያደርግበት ይቀመጣል። አይጥ እንደዚህ ያለ ጠላት ነው። ትንሽ ስለ ሆነ ጥፋቱ እንደ ቀላል ይቈጠራል፤ ስለ እርሱ መነጋገርም ለሹማምንትና ለሊቃውንት የማይገባ የጓዳ ወሬ ይመስላል። ነገሩን ለሚመረምር ሰው ግን አይጥ የእህል ነገር ነው፤ የጤና ነገር ነው፤ የቅርስም ነገር ነው።

ሊቃውንቶቻችን እንደሚያውቁት፣ በቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 5ና 6 ፍልስጥኤማውያን ታቦተ እግዚአብሔርን ማርከው በወሰዱ ጊዜ ሰዎቻቸው በእባጭ ተመቱ፤ ምድራቸውንም አይጥ አጠፋባቸው። ታቦቱን ሲመልሱ በአምስቱ መኳንንቶቻቸው ቍጥር አምስት የወርቅ እባጭና አምስት የወርቅ አይጥ ሠርተው ሰደዱ። እባጩና አይጡ በአንድነት መጠቀሳቸው ብዙ ተመራማሪዎችን አሳስቧል። ፈረንጆች ፔስት የሚሉት ቸነፈር ምልክቱ በብብትና በብሽሽት የሚወጣ እባጭ ነውና። ይህ ቸነፈር በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1347 እስከ 1351 ዓ.ም. ድረስ አውሮፓን ሲያጠፋ ከሕዝቡ ሲሶው ወይም ከዚያ የሚበልጠው እንዳለቀ ይነገራል። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር የሚነገርባቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

የበሽታው ምክንያት ግን ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖረ። በ1894 ዓ.ም. አሌክሳንድር የርሲን የተባለው ሐኪም በሆንግ ኮንግ የበሽታውን ተሐዋስ አገኘ። በ1898 ዓ.ም. ደግሞ ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በካራቺ ከተማ ሲመረምር፣ ከታመመ አይጥ ወደ ጤነኛው በሽታውን የምታሻግረው ቁንጫ መሆኗን አስረዳ። አይጡ ሲሞት ቁንጫዋ የቀዘቀዘውን በድን ትታ ሌላ ትኩስ ደም ትፈልጋለች፤ በቤቱ ውስጥ የምታገኘውም ሰውን ነው። ዛሬ ቸነፈር በቶሎ ከታወቀ በመድኀኒት ይድናል። ይሁን እንጂ አይጥ የሚያመጣው በሽታ እርሱ ብቻ አይደለም። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ በአይጥ ሽንት ከተበከለ ውሃና ጭቃ በቁስል ወይም በዐይንና በአፍ በኩል ወደ ሰው ይገባል፤ ጉበትንና ኵላሊትንም ይጐዳል። በዐይነ ምድሩ የተበከለ ምግብም የሆድ በሽታ ያመጣል።

ስለ እህሉ ደግሞ ጥቂት ሒሳብ እናድርግ። አንድ ትልቅ አይጥ በቀን 20 ግራም ያህል እህል ይበላል፤ ይህም በዓመት ከ7 ኪሎ ይበልጣል። እንግዲህ 14 አይጦች በዓመት አንድ ኩንታል ይጨርሳሉ ማለት ነው። ዐሥራ አራት አይጥ በአንድ ጐተራ ዙሪያ መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ግን ለድኻ ቤተ ሰብ ስንት ወር የሚያደርስ ነው! ይህም የበሉት ብቻ ነው። በሽንታቸውና በጠጕራቸው ያረከሱት ከበሉት ይበልጣል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አይጥ ከርኩሳን ጋራ መቈጠሩን ለሚያስብ ሰው፣ በአይጥ የተነካ እህል በገበታው ላይ መቅረቡ የሚከብድ ነገር ነው።

ከቤተ መንግሥት መዝገብ ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የሚደርሰው ጥፋት ግን በኩንታል አይለካም። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ ማፋጨት ግድ ይሆንበታል፤ ስለዚህ የማይበላውንም ነገር ይቈረጥማል። ብራና ቆዳ ነው፤ ከበሮ የሚለበጠው በቆዳ ነው፤ ጧፉም ሰም ነው፤ ይህ ሁሉ ለአይጥ ጥርስ የተመቸ ነው። የተበላ እህል በሚመጣው መኸር ይተካል። አንድ ጸሐፊ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ፣ ወራት ተቀምጦ የጻፈው መጽሐፍ ግን ቅጠሉ አንድ ጊዜ ከተቀደደ ያ ቃል ላይመለስ ይችላል። በጽሕፈት ቤቶችም እንዲሁ ነው። የርስት ማስረጃና የፍርድ መዝገብ በመሬት ላይ ተከምሮ ሲኖር አይጥ ጐጆውን ይሠራበታል፤ ባለ ጕዳዩም ፍርዱን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ተቈርጥሞ እሳት የሚነሣበትም ጊዜ አለ።

አባቶቻችን ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። መጽሐፉን በማኅደር ከትተው፣ በጠፍር አንግተው፣ በግድግዳው ላይ ከተተከለ ችካል የሚሰቅሉት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ከእርጥበትና ከአይጥ ያርቀዋልና። ጐተራውንም በድንጋይና በእንጨት ከመሬት ከፍ አድርገው ማቆማቸው ከዚሁ ጥበብ የመጣ ነው። በዚህ ልማድ ውስጥ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ይገኛል፤ አይጥን የሚያሸንፈው መግደል ብቻ ሳይሆን፣ የሚበላውንና የሚያድርበትን መከልከል ነው።

ይህን ቍልፍ የዘነጋ መንግሥት ምን እንደ ደረሰበት የሐኖይ ከተማ ታሪክ ያስተምራል። ፈረንሳዮች ቪየትናምን በሚገዙበት ዘመን በሐኖይ ከመሬት በታች የቆሻሻ ውሃ መውረጃ አሠሩ። መውረጃውም ለአይጦች የተመቸ አዳራሽ ሆነ። ቸነፈር ያሰጋው መንግሥት በ1902 ዓ.ም. በደመወዝ ገዳዮች ቀጠረ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአንድ ቀን ብቻ ከ20,000 የሚበልጥ አይጥ ተገደለ። ይህም ስላልበቃ፣ ሕዝቡ ለገደለው ለእያንዳንዱ አይጥ ገንዘብ እንዲከፈለው ተደረገ፤ ለማስረጃም ጅራቱን ብቻ ማምጣት ይበቃ ነበር። ጥቂት ቈይቶ ጅራት የሌላቸው አይጦች በከተማው ሲሮጡ ታዩ። ሰዎች ጅራቱን ቈርጠው አይጡን ይለቁት ኖሯል፤ ሌላ ባለ ጅራት ይወልድላቸዋልና። ከከተማው ወጣ ባለ ስፍራም አይጥ የሚያረቡ ሰዎች ተገኙ። መንግሥትም ክፍያውን አቆመ። የተቈጠረው ጅራት ነበር፤ መቈጠር የሚገባው ግን የተደፈነ ጕድጓድና የጸዳ ግቢ ነበር።

በእያንዳንዱ ቤት የሚሠራው ስሕተት ከሐኖይ ስሕተት አይለይም። ባለቤቱ እህሉን ሳይከድን፣ ጕድጓዱን ሳይደፍን ወደ ገበያ ሄዶ መርዝ ይገዛል። የቤት አይጥ በሦስት ሳምንት ያህል ጊዜ አርግዞ ስድስት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ይወልዳል፤ ግልገሎቹም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ስለዚህ ምግቡ እስካለ ድረስ የሞቱት ስፍራ ቶሎ ይሞላል። በዚህ መካከል መርዙ ሌላውን ይጐዳል። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደሚባለው፣ የሚሞተው ብዙ ጊዜ መርዝ የበላውን አይጥ ያደነች ድመት ወይም ጉጉት ነው፤ ይህችውም በነጻ የምታገለግለን አዳኝ ነበረች። ከዚህም የከፋው መርዙን ምግብ መስሎት የሚቀምስ ሕፃን ነው።

ስለ መርዝም ዐይነቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ዱቄት በሆድ ውስጥ ወደ መርዘኛ ጋዝ የሚለወጥ ነው፤ ለይቶ የሚያረክሰው መድኀኒትም የለውም። ዋርፋሪን የሚባለው ደግሞ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ለአይጥ መግደያ የዋለ ነው። እርሱ ደምን እንዳይረጋ አድርጎ ቀስ ብሎ ስለሚገድል አይጡ አይጠረጥረውም። ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. በስኮትላንድ ዋርፋሪን የማይገድላቸው አይጦች ተገኙ። ስለዚህ መርዝ መጠቀም ግድ የሆነበት ሰው ሕፃንና ከብት በማይደርሱበት፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያኑረው፤ በምግብ ዕቃም ከቶ አይበጥብጠው። ሰው ከቀመሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መውሰድና የመርዙን ማሸጊያ አብሮ ማሳየት ይገባል፤ ሕክምናው እንደ መርዙ ዐይነት ይለያያልና።

እንግዲህ ትክክለኛው ሥራ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ምግቡን መከልከል ነው። እህልና ዱቄት ክዳን ባለው በቆርቆሮ ወይም በሸክላ ዕቃ ይቀመጥ፤ ጆንያ አይጥን አይመልስም። የራት ፍርፋሪ ሳይጠረግ፣ የሰሃኑ እጣቢ ሳይደፋ አይታደር። የዶሮና የውሻ ምግብም በሌሊት ይነሣ።

ሁለተኛው ማደሪያውን መንሣት ነው። በግድግዳ ሥር የተከመረ እንጨት፣ አሮጌ ዕቃና ድንጋይ ይነሣ፤ በቤቱ ዙሪያ የበቀለው ሣር ይታጨድ። አይጥ ሜዳ አቋርጦ መሄድ ይፈራልና፣ ዙሪያው የጸዳ ቤት ግማሽ ጥበቃ አለው።

ሦስተኛው መግቢያውን መድፈን ነው። ለትንሿ የቤት አይጥ የእርሳስ ውፍረት የሚያህል ቀዳዳ ይበቃታል፤ ለትልቁም ትንሽ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ትበቃዋለች። ጭቃ ብቻ ቢመርጉበት ቈፍሮ ይከፍተዋል፤ የብረት ሽቦ ጠቅጥቆ በሲሚንቶ መምረግ ግን ይመልሰዋል። ከደጃፉ በታች ያለው ክፍተት በቆርቆሮ ይለበጥ። ጐተራ ደግሞ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ በየእግሩም አይጥ እንዳይወጣበት ወደ ታች የተደፋ የቆርቆሮ ቀሚስ ይግባበት። ከግድግዳና ከዛፍ ቅርንጫፍም ይራቅ፤ መሰላሉም ተደግፎበት አይደር።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ በውስጥ የቀሩትን ማጥፋት ይቀላል። አይጥ ግድግዳ ታክኮ ስለሚሄድ ወጥመዱ ከግድግዳው ሥር፣ መብሉ ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጥ። ትልቁ አይጥ አዲስ ነገር ይፈራልና፣ ወጥመዱን ሳያጠምዱ መብል አኑረው ጥቂት ቀን ቢያስለምዱት መልካም ነው። ድመትም ትረዳለች፤ ዳሩ ግን ትልቁን አይጥ ብዙ ጊዜ ትሸሸዋለች፤ ያልተከደነ ጐተራም በድመት ብቻ አይጠበቅም። የሞተውን አይጥ በባዶ እጅ አለመንካት፣ አርቆም መቅበር ያስፈልጋል። ዐይነ ምድሩንም በደረቁ ከመጥረግ በፊት በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ማራስ ይገባል፤ አቧራው ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ሰው ቤቱን አጽድቶ ጎረቤቱ ቢተወው ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ አይጥ አጥር አያውቅምና። የካናዳ ክፍል የሆነችው አልበርታ ይህን ተረድታ ሠርታለች። በ1950 ዓ.ም. ትልቁ አይጥ በምሥራቅ ድንበሯ መድረሱ በታወቀ ጊዜ፣ አገረ ገዢዎቿ አይጥን ማጥፋት የእያንዳንዱ ባለ መሬትና የእያንዳንዱ ወረዳ ግዴታ እንዲሆን በሕግ አዘዙ። ወደ 600 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ድንበር ላይ 29 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የጥበቃ ቀበቶ ከለሉ። አይጥን አይቶ የማያውቀውን ገበሬ በስብሰባና በሥዕል አስተማሩ፤ ተቈጣጣሪዎችም በየጊዜው በቀበቶው ውስጥ ያለውን ጐተራና በረት ይመረምራሉ። በ2012 ዓ.ም. በሜዲስን ሃት ከተማ የቆሻሻ መጣያ አይጦች ቢገኙ ተከታትለው አጠፏቸው። እስከ ዛሬም ትልቁ አይጥ በዚያ አገር ተደላድሎ አልተቀመጠም። ብርዷና ተራራዋ እንደ ረዳት መቈጠራቸው እውነት ነው፤ ዋናው ነገር ግን አይጡ ከመብዛቱ በፊት መጀመራቸውና ሳይሰለቹ መቀጠላቸው ነው።

ለእኛም መንገዱ ጨርሶ አዲስ አይደለም። በእኛ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ለቤተ ሰብ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ተባይንና አይጥን መከላከል ነው። የጐደለው ትምህርቱን ወደ ኅብረት ሥራ መለወጥ ነው። ስለዚህ ሹማምንቱ ከራሳቸው መዝገብ ቤት ይጀምሩ፤ መዝገቡ ከመሬት ተነሥቶ በመደርደሪያ ይቀመጥ። ቀጥሎም የገበያው ቆሻሻ ሳይታደር እንዲነሣ፣ የእህል መጋዘኑም ቀዳዳ እንዲደፈን ይቈጣጠሩ። የሐኖይን ጅራት ከመቍጠር ይልቅ የጸዱትን ግቢዎች ይቍጠሩ።

ካህናትም ሕዝቡ የሚሰማቸው መምህራን ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጡት ትምህርት ውስጥ ስለዚህ ነገር ጥቂት ቃል ቢጨምሩበት ብዙ ቤት ይድናል። ከቃል የሚበልጠው ግን ምሳሌ ነው። የቤተ ልሔሙ ስንዴ በጥሩ ክዳን ተከድኖ፣ መጻሕፍቱ በየማኅደራቸው ተሰቅለው፣ የዕቃ ቤቱ ቀዳዳ ተደፍኖ ያየ ምእመን ወደ ቤቱ ሲመለስ ጐተራውን ይመለከታል።

ዮሴፍ በግብፅ አገር በጥጋቡ ዘመን እህልን ሰብስቦ ሕዝብን ከራብ ያዳነው፣ የሰበሰበውን መጠበቅ ስለ ቻለ ነው። ገበሬው በፀሓይና በዝናብ ደክሞ ያገባውን እህል ከአይጥ መጠበቅ ከማረስ የሚያንስ ሥራ አይደለም። ክዳን፣ ጥቂት ሲሚንቶና መጥረጊያ ብዙ ገንዘብ አይፈጁም፤ የሚጠይቁት ትጋትንና ከጎረቤት ጋራ መስማማትን ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛቱ በፊት እያንዳንዱ የቤቱን ጥግ መብራት ይዞ ቢመረምር፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።