ካራቫን ከመጎተት በፊት፦ የመኪናው አቅምና የጭነቱ ሚዛን

ሪያድ — ከባዱ የሙቀት ወራት አልፈው ቀዝቃዛው ወቅት ሲገባ፣ በርካታ የሪያድ ቤተሰቦች ዐረቦች «ካሽታ» ወደሚሉት የበረሃ ሽርሽር ይወጣሉ። ጉዞው ከከተማዋ በስተሰሜን ወደሚገኘው ሱማማ፣ ወይም ራቅ ብሎ ወደ ሩማሕና ወደ ደህና አሸዋማ ምድር ነው። አንዳንዶቹ በመኪና የሚጎተት ማደሪያ፣ ማለትም ካራቫን፣ አስከትለው ይጓዛሉ። መሪውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ ሾፌር ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ከተሰማሩት መካከል ኢትዮጵያውያንም ይገኙበታል። ስለዚህ ካራቫኑ ለመኪናው የሚመጥን መሆኑን ማወቅ ለባለንብረቱ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ጎልቶ የሚታየው ቁጥር የመኪናው ከፍተኛ የመጎተት አቅም ነው። ለምሳሌ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር 300 በአውስትራሊያ ገበያ ፍሬን ያለው ተሳቢ ሲሆን እስከ 3,500 ኪሎ ግራም፣ ፍሬን የሌለው ሲሆን ግን 750 ኪሎ ግራም ብቻ እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። ይህ ቁጥር እንደ ሞተሩ ዓይነትና እንደ ተሸጠበት አገር ሊለያይ ስለሚችል፣ መታመን ያለበት የራሱ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው።

ይሁንና የመጎተት አቅም ብቻውን በቂ መልስ አይሰጥም። የካራቫኑ ክብደት በከፊል በጋንቾው በኩል በመኪናው ላይ ያርፋል። ለዚህ ዓይነቱ ተሳቢ በተለምዶ የሚመከረው መጠን ከተጫነው ካራቫን ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ ሆኖም ጋንቾውና የመኪናው አምራች ከፈቀዱት ጣሪያ ማለፍ የለበትም። ይህ ጫና እንደ ማንኛውም ዕቃ በመኪናው ጭነት ላይ ይደመራል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ መኪና ባዶውን 2,600 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከነጭነቱ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 3,250 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ስለዚህ ሊሸከም የሚችለው 650 ኪሎ ግራም ነው። ሾፌሩን ጨምሮ ስድስት ሰዎች 420፣ ድንኳንና ልዩ ልዩ ዕቃ 100 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ የሚቀረው 130 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ካራቫኑ ደግሞ ባዶውን 1,900 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ 200 ሊትር ውኃ 200 ኪሎ ግራም፣ ጀነሬተር፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ምንጣፍና ስንቅ 400 ኪሎ ግራም ሲጨመሩበት 2,500 ይደርሳል። የዚህ 10 በመቶ 250 ኪሎ ግራም ነው። መኪናው 3,500 ኪሎ ግራም መጎተት ቢችል እንኳ፣ በራሱ ላይ 120 ኪሎ ግራም ትርፍ ጭኗል ማለት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ድንኳኑና ዕቃው ወደ ካራቫኑ ቢዛወሩ የጋንቾው ጫና ወደ 260 ያድጋል፤ አንድ ተሳፋሪ በሌላ መኪና ቢሄድ ደግሞ የመኪናው ጭነት በድምሩ 610 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ግን የካራቫኑ የራሱ የክብደት ጣሪያ፣ እንዲሁም የመኪናውና የካራቫኑ ድምር ጣሪያ ካልታለፉ ብቻ ነው። ውኃውን ከመድረሻው አቅራቢያ መሙላትም ሸክሙን ያቀልላል።

ጭነቱ የሚቀመጥበት ቦታም ከመጠኑ ያላነሰ ጉዳይ ነው። ከባዱ ዕቃ ወደ ኋላ ከሆነ ጋንቾው ይቀልና ካራቫኑ በፍጥነት ጉዞ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይጎብጣል፣ የፊት ጎማዎች ይቀልላሉ፣ መሪና ፍሬን ይዳከማሉ። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ከካራቫኑ ጎማዎች በላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። መወዛወዝ ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ ይገባል፤ ፍሬን በድንገት መርገጥም ሆነ ፍጥነት መጨመር አደጋውን ያባብሳል።

የሪያድ አካባቢ መልክዓ ምድርም የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ወደ መካ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከቱወይቅ ተራራ ቁልቁል ሲወርድ፣ ክብደቱን በፍሬን ብቻ መያዝ ፍሬኑን ያግላል፤ ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሽ መቀነስ ይበጃል። በአሸዋ ላይ ለመንዳት የጎማ ነፋስ የቀነሰ ሾፌርም ወደ አስፋልት ሲመለስ መልሶ መሙላት አለበት፤ ነፋሱ ያነሰ ጎማ ከጭነትና ከሙቀት ጋር ሲጋጠም ሊፈነዳ ይችላልና።

ግምት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ክብደት ያንሳል። በመሆኑም ካራቫኑ ለጉዞ ተጭኖ ሳለ በመኪና ሚዛን ላይ ማስመዘን፣ ውጤቱንም በመኪናው በር ቋሚ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍና ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር ማስተያየት ይገባል። አሠሪው «መኪናው ይችላል» ቢል፣ ሾፌሩ ያለ ክርክር ሊያሳየው የሚችለው ማስረጃ በወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው።