የኩርሙክ አያቶች በጋዜጣ ገጽ

ኩርሙክ ወይም አሶሳ ላይ አንድ አዛውንት «የተወለድኩት ቤልጂኮች አሶሳ በገቡበት ዓመት ነው» ቢሏችሁ፣ ቀኑን አያውቁትም ብላችሁ አትለፏቸው። ነግረዋችኋል። ከቤልጂክ ኮንጎ የመጣው ጦር አሶሳን ከጣሊያን ያስለቀቀው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ነው። የአያቶቻችን ልደት፣ ጋብቻና ስደት የተቆጠረው በእንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ጣሊያን በ1932 ክረምት የሱዳኗን ኩርሙክ በያዘበት፣ በ1977ቱ ድርቅ የወሎ ሰው ለሰፈራ በመጣበት፣ በኅዳር 1980 የሱዳን አማፅያን ያቺኑ ኩርሙክ በተቆጣጠሩበት። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ያኔ ከብት ትጠብቁ ነበር ወይስ አግብታችኋል? የበኩር ልጃችሁስ ተወልዶ ነበር? መልሱ ወደ ዓመት ይመራችኋል። ጋዜጣው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

የት ነው የሚከፈተው? አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ቤቶች አሉ፤ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት። የድሮ ጋዜጦችን ፍለጋ ስትሄዱ ዓመቱንና ወሩን ጽፋችሁ ያዙ። «ስለ አያቴ የተጻፈ ነገር» ብሎ መጠየቅ አያስኬድም፤ «የ1934 አዲስ ዘመን ጋዜጣ» ማለት ግን ያስኬዳል።

እዚህ ላይ አንድ ክፍተት አለ። አዲስ ዘመን የጀመረው ግንቦት 30 ቀን 1933 ስለሆነ አሶሳ የተለቀቀችበት ያ መጋቢት አመለጠው። የዚያን ጊዜ ወሬ ያለው በሱዳን በኩል ነው። ኩርሙክ የሚለው ስም በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ የሁለት ከተሞች ስም ነው፤ የቤተሰቡም ወረቀት እንዲሁ ለሁለት ተከፍሏል። ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርቱም ይታተም የነበረው «ሱዳን ኖትስ ኤንድ ሪከርድስ» መጽሔት ስለ ሱዳን ሕዝቦችና ታሪክ ብዙ ጽሑፍ ይዟል። እንግሊዝ አገር የደርሃም ዩኒቨርሲቲ የሱዳን ቤተ መዛግብትም የቅኝ አስተዳዳሪዎችን ደብዳቤና ፎቶግራፍ አኑሯል።

ስም ሲፈለግ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ፊደሉም አይጸናም፤ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አንዱ ዘንድ ሆጀሌ፣ ሌላው ዘንድ ኾጀሌ ናቸው። ስለዚህ ከሰው ስም ይልቅ በቦታ መፈለግ ይሻላል። ቦታውም አስተዳደሩ ይለወጣል። አሶሳ ለረጅም ጊዜ በወለጋ ሥር ስለነበረች «ወለጋ» የሚል ዜና ሁሉ መነበብ አለበት።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው የጋዜጣው ክፍል የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ነው። ፊት ገጽ ላይ የሚወጡት ሹማምንት ናቸው። ተራው ሰው ግን ሲከሰስ፣ ርስት ሲካፈል፣ ወራሽነቱን ሲያስመሰክር ከነአባቱ፣ አንዳንዴም ከነአያቱ ስም እዚያች ጠባብ ዓምድ ውስጥ ይገኛል። አያታችሁን ለማግኘት ከዚያ የተሻለ በር አላውቅም።

ወላጆቻችሁ ከወሎ የመጡ ከሆነ የ1977ን ጋዜጦች ስታነቡ አንድ ነገር አስቡ። የጻፈው መንግሥት ነው፤ በጉዞው ላይ ልጁን ያጣ ሰው ኀዘን እዚያ አይገኝም። ቀኑን፣ የተነሱበትን አውራጃና የሰፈሩበትን ቦታ ውሰዱ፤ ኀዘኑን እናታችሁን ጠይቁ።

ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሰው በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ ተሻገረ። በቀጣዩ ወር ኦምዱርማን ላይ የመሐመድ ዑመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ከተሻገሩት መካከል የዚያኛዋን ኩርሙክ የቀድሞ ኑሮ በቃላቸው የያዙ አዛውንቶች አሉ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ የሚያነሱትን እያንዳንዱን ስም ከነአባቱ ጻፉ፤ ከጎኑም የነገሯችሁን ሰው ስምና የሰማችሁበትን ቀን አኑሩ።