ስለ ጥርስ ሕመምና ስለ ሕክምናው ውድነት

ጥርስ ባዳ ነው የሚል የቆየ አነጋገር በሕዝቡ ዘንድ አለ። ይህም የተባለው ልብ እያዘነ ጥርስ ስለሚሥቅ ነው። ነገር ግን ጥርስ ራሱ የታመመ ቀን ባዳነቱ ቀርቶ የሰውነት ሁሉ አዛዥ ይሆናል፤ እንቅልፍ ይነሣል፥ እህል ያስጠላል፥ ጆሮንና ራስን ይወጋል፥ ገበሬውን ከእርሻው፥ ሴቲቱን ከሥራዋ፥ ተማሪውን ከትምህርቱ ያስቀራል። ሕመሙ እንዲህ የከፋ ሆኖ ሳለ፥ ዋጋው ለድኃ የሚቻል የጥርስ ሐኪም በየከተማው መንገድ ዳር ማግኘት ስለ ምን እንደ ቸገረ መመርመር የተገባ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር ባወጣው መግለጫ እንደ ተነገረው፥ በአፍና በጥርስ በሽታ የተያዘው ሕዝብ በዓለም ላይ 3.5 ቢሊዮን ያህል ነው። ለዚህ ሁሉ ሕመምተኛ ያለው ሐኪም ግን ያልተስተካከለ ነው። በዓለም በአማካይ ለ10,000 ሰው 3.28 የጥርስ ሐኪም ሲደርስ፥ በአፍሪካ ለዚያው ቍጥር የሚደርሰው 0.33 ብቻ ነው። ይኸውም ሌላው ዓለም ከሚያገኘው ዐሥረኛው እጅ መሆኑ ነው።

ለዚህ ነገር የአቀስታን ከተማ በምሳሌነት ማንሣት ይቻላል። አቀስታ የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፥ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚያልፈው መንገድ ላይ በደጋው ተቀምጣለች። ገብስ የሚዘራውና በግ የሚያረባው ባላገር ለገበያም፥ ለዳኝነትም፥ ለሕክምናም የሚመጣው ወደ እርስዋ ነው። በአቀስታና በመካነ ሰላም ሆስፒታል መቋቋሙ ለአገሩ ታላቅ ረድኤት ነው፤ ሆኖም የጥርስ ሕክምና የራሱን ባለሙያና የራሱን መሣሪያ የሚፈልግ ስለሆነ፥ ሆስፒታል በተሠራበት ሁሉ በሙሉ አይገኝም።

ስለዚህ የደጋው ገበሬ ጥርሱን ባመመው ጊዜ አስቀድሞ ቅርንፉድ ይነክሳል። ይህ ከንቱ ነገር አይደለም፤ በቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዘይት በእውነት ሕመምን ያደነዝዛል፥ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ያደነዝዛል እንጂ አያድንም። ቀጥሎ የጥርስ ትል ይወጣልኛል ብሎ የእምቧይ ፍሬ ጢስ ይታጠናል። በጥርስ ውስጥ ግን ትል የለም፤ ጥርስን የሚበላው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ከስኳር የሚያወጣው አሲድ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወይ ወደ መንደሩ ጥርስ ነቃይ ይሄዳል፥ ወይም በግ ሸጦ ወደ ደሴ ይሳፈራል። ደሴም በደረሰ ጊዜ የመኪናው፥ የማደሪያውና የምግቡ ወጪ፥ ከሥራ የቀረበትም ቀን ሲደመር፥ ከሐኪሙ ዋጋ ጋር የሚፎካከር ይሆናል። ከመካነ ሰላም ለሚነሣው መንገዱ ከዚህም የረዘመ ነው። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ስለሆነም፥ ተሞልቶ ሊድን የሚችለውን ጥርስ አስነቅሎ ይመለሳል፤ ለመሙላት ዳግመኛ መምጣት ሊያስፈልግ ይችላልና።

ሐኪሙ ስለ ምን ወደ አቀስታ አይመጣም ቢባል፥ ምክንያቱ ስስት ብቻ አይደለም። የጥርስ ሕክምና የእጅ ሥራ ነው። አንዱን ጥርስ አጽድቶ ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጃል፤ በዚያም ጊዜ ሐኪሙ ሌላ ሰው ሊያይ አይችልም። ወንበሩ ኤሌክትሪክ፥ ንጹሕ ውሃና የታመቀ አየር ይሻል። ለአንዱ የገባው መሣሪያ በብርቱ እንፋሎት ሳይቀቀል ለሁለተኛው ሊገባ አይገባውም። ይህ ሁሉ ወጪ በታካሚው ቍጥር ላይ ይከፈላል። በአዲስ አበባ ታካሚው ብዙ፥ ከፋዩም ብዙ ነው። በትንሽ ከተማ ግን ዋጋው ቢወደድ ታካሚ ይጠፋል፤ ቢረክስ ቤቱ ይዘጋል። በጂማና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ዓመት ደክሞ የተማረው ወጣት ወደ ትልቁ ከተማ ቢያዘነብል ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ ላይ ወንበሩም፥ መሙያውም፥ ማደንዘዣውም ባብዛኛው ከውጭ አገር በውጭ ገንዘብ የሚገዛ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዕቃው ዋጋ እንዲህ ሲያድግ የባላገሩ በግና ገብስ በዚያው ልክ አላደገለትም። ከዚያም አስቀድሞ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴው ትልቅ ሆስፒታል መዘረፉ የአካባቢውን ሕዝብ ወደ ኋላ እንደ ጎተተው የታወቀ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር፥ በአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። ይህ መድኅን ለብዙ ቤተ ሰብ መጠጊያ ሆኖአል። ነገር ግን ሰው ሠራሽ ጥርስን ከሚከፍላቸው ውጭ አድርጎታል፤ ባለሙያ በሌለበት ስፍራም መታወቂያውን መያዝ ብቻ ጥርስን አያድንም። እንዲህ ያለው ችግር በባለጸጋ አገርም ደርሷል። የእንግሊዝ መንግሥት በ1940 ዓ.ም. ሕክምናን ለሕዝቡ ሁሉ ያለ ክፍያ ባደረገ ጊዜ ጥርስ ፈላጊው ከታሰበው በላይ በዛበትና፥ በ1943 ዓ.ም. በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ክፍያ አኖረ። ጥርስ ለመንግሥት ሣጥንም ከባድ ሸክም መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ከባድ ነው ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም፤ ቸል የተባለ ጥርስ ይገድላልና። ከጥርስ ሥር የተነሣ መግል ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽን ሊዘጋ ይችላል። ሳይቀቀል ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ የነቃይ ጉጠትም የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያዛምት ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው፥ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኵሰው ግግ ነው እየተባለ ድዱ መቧጠጡ ነው። ያ እብጠት ሊወጣ የተዘጋጀ ጥርስ እንጂ በሽታ አይደለም። መቧጠጡ ሕፃኑን ለቍስልና ለደም መፍሰስ ያጋልጣል፤ ኋላ የሚበቅለውንም ጥርስ ያበላሻል።

መድኃኒቱ ታዲያ ምንድር ነው? ኤሌክትሪክ የሚሻውን ወንበር ለየመንደሩ ማዳረስ ባይቻል፥ ሌላ መንገድ አለ። በምሥራቅ አፍሪካ በታንዛንያ፥ ከ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ፥ የበሰበሰውን የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ በሚጣበቅ ሲሚንቶ የመሙላት ዘዴ ተገኝቶአል። መሰርሰሪያም ኤሌክትሪክም አይሻም፤ ብዙ ጊዜም ያለ ማደንዘዣ መርፌ ይፈጸማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህንኑ ሲሚንቶና ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቶአቸዋል። ለዚህ ሥራ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች በሚገባ ቢሠለጥኑ፥ የጥርስ ሐኪምም ከደሴ በታወቀ ቀን እየመጣ ቢያግዛቸው፥ መድኅኑም የሚሞላውን ጥርስ ዋጋ በግልጥ ቢሸፍን፥ የከተማው ሹማምንትና ነጋዴዎችም የሥራ ቤት በቀላል ኪራይ ቢሰጡ፥ ባላገሩ በጉን ሳይሸጥ በአቀስታ ይታከም ነበር።

የቀረው የየቤተ ሰቡ ፋንታ ነው። የቀድሞው ባላገር የወይራ መፋቂያ ከአፉ አይለይም ነበር፤ ስኳርም እንደ ልብ አያገኝም ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ስኳር ከከተማ አልፎ ወደ ገጠር ገበያ ዘልቆአል። አሁን ሻዩም፥ ከረሜላውም፥ ለስላሳውም መጠጥ በየሱቁ አለ። ጣፋጩ ሲገባ መፋቂያው መውጣት አልነበረበትም። አባትና እናት ልጃቸውን ማታ ሳይተኛ ጥርሱን እንዲያጸዳ ቢያስለምዱት፥ መምህሩም በትምህርት ቤት ቢያሳስብ፥ ይህ በግ የማያሸጥ ሕክምና ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ትንሹን ቀዳዳ በጊዜው የሚሞላ ሰው በአቀስታ ቢኖር፥ ብዙው ሕመምተኛ ትልቁን ጥርስ አስነቅሎ ለመምጣት ወደ ሩቅ አገር መሳፈር ባላስፈለገውም ነበር።