ልጃችሁ ሱሱን ትቷል፤ እንቅልፉስ?

ጫት ወይም መጠጥ የተወ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ የቤተሰቡ ዓይን ኪሱና ትንፋሹ ላይ ነው። “ዛሬ ቃመ ይሆን? ጠጣ ይሆን?” እንላለን። ሱስ የሚያገረሸው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ እንቅልፍ ሲዛባ፣ ምግብ ሲቀር፣ ልጁ በሩን ዘግቶ ብቻውን መዋል ሲያበዛ።

ጊዜው ሲከፋ ይህ ይብሳል። የጦርነት ወሬና የኑሮ ውድነት ሁላችንንም ያስጨንቃል። ሱስ ያቆመ ሰው ደግሞ ጭንቀቱን ይረሳበት የነበረውን ነገር ትቷል። ጫት በቆመ ሰሞን የሚመጣው ድካም፣ ድብርትና ቅዠት የታወቀ ነው፤ ስንፍና አይደለም።

ስለዚህ ማታ ማታ ዜናውን ቀነስ አድርጉት። እራት በሰዓቱ አብራችሁ ብሉ። ይቅምበት የነበረው የከሰዓት ጊዜ ባዶ አይሁን፤ አያቱ ገበያ ይዘውት ይውጡ፣ አባቱ ሥራ ያጋሩት። “ቃምክ?” ከማለት “እንዴት አደርክ? እንቅልፍ ወሰደህ?” ይሻላል። ቢያገረሽበት አታባርሩት፤ ቶሎ ወደ ሕክምናው ይመለስ። ጸበል ብትወስዱትም መድኃኒቱን አታስቋርጡት።

ለቤት የማይተው ነገርም አለ። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊስት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ያቁም። ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሱስ ታካሚዎችንም ይቀበላል። ልጃችሁን ይዛችሁ መሄድ ነውር አይደለም።