መኪናን በገለጻ መሸጥ፦ ስለ አንድ የርቀት ሥራ



ባለፈው ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ የሁለተኛ ዓመት ወንድማችን ስልኩን አቀበለኝ። አንድ የጀርመን መኪና አምራች ያወጣው ማስታወቂያ ነው፤ «የዲጂታል ንግድ ዲዛይነር፣ ከርቀት የሚሠራ» ይላል። «መኪና መሣል መቻል አለብኝ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሌሎቻችሁም ሊሆን ስለሚችል እዚህ ልመልሰው።

መኪናውን የሚሥሉት ሌሎች ናቸው። ይህ ዲዛይነር የሚሠራው መኪናው በኢንተርኔት የሚሸጥበትን ገጽ ነው። ቴስላ መኪናውን የሚሸጠው በዚህ መንገድ ነው፤ ቮልቮም በ2021 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ መኪኖቹን በኢንተርኔት ብቻ እንደሚሸጥ አስታውቆ ነበር።

ገዢው ገጹን ከፍቶ ቀለም፣ ቸርኬ፣ ወንበርና ባትሪ እየመረጠ መኪናውን ይገጣጥማል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ምርጫ ሌላውን ይዘጋል፤ ዋጋውንና የርክክቡን ቀንም ይለውጣል። በአውሮፓ ደግሞ ከመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ የሚለካው ደብልዩ ኤል ቲ ፒ በሚባለው ዘዴ ነው፤ በዚህ ዘዴ የተጨመረው ዕቃ ሁሉ ይቆጠራል። ገዢው ትልቁን ቸርኬ ሲነካ መኪናው በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ኪሎ ሜትር ሊቀንስ ይችላል። ታዲያ ይህ ቁጥር የት ይቀመጥ? ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ወይስ ከቸርኬው አጠገብ? ደመወዝ የሚከፈለው ለእንዲህ ያለው ውሳኔ ነው።

መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን የቡዩዕን ምዕራፍ ሲያቀሩን፣ በገለጻ የተሸጠ ነገር ሽያጩ የሚሰምረው ዕቃው ከተነገረው ጋር ሲገጥም ነው ብለውን ነበር። ያኔ የሰጡን ምሳሌ እህል ነበር። የመኪናው ገጽም ከላይ እስከ ታች ገለጻ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት የ2011 የሸማቾች መብት መመሪያም በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። የመጨረሻው ቁልፍ ማዘዙ ክፍያ እንደሚያስከትል በግልጽ መናገር አለበት። «ቀጥል» ብቻ የሚል ከሆነ ገዢው በውሉ አይገደድም። በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ በገዢው ትእዛዝ ለእሱ ብቻ የተሠራ ዕቃ ግን ከዚህ ውጭ ነው። ገዢው ይህን ማወቅ ያለበት ቁልፉን ሳይነካ በፊት ነው። በሌላ በኩል ቴስላ በአሜሪካው ገጹ ላይ ገዢው ወደፊት ከነዳጅ የሚያተርፈውን ግምት ቀንሶ ዝቅ ያለ ዋጋ ያሳይ ነበር። ይህን ሥራ ቢሉኝ እጄ እሺ የሚል አይመስለኝም። የወር ክፍያ ማስያውም ብዙ ጊዜ ወለድ አለበት፤ እሱን መሥራት ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ዓሊሞችን ጠይቁ፣ እኔ የምማረው ኢንጂነሪንግ ነው።

ከርቀት እንዴት ይሠራል? ፊግማ በብራውዘር ስለሚከፈት ሁሉም በአንድ ፋይል ላይ ይሠራሉ፤ ፕሮግራመሮቹም ልኩንና ቀለሙን ከዚያው ይወስዳሉ። ከሁሉም የሚከብደው ሙከራው ነው። አንድ ሰው በቪዲዮ ተገናኝቶ «ይህን መኪና እዘዝ» ይባላል፣ ዲዛይነሩ አፉን ዘግቶ የት እንደሚደናገር ያያል። መርዳት የለም! ጀርመን በክረምታቸው ከእኛ በ2 ሰዓት፣ በበጋቸው በ1 ሰዓት ወደኋላ ነው። የእኛ ጁምዓ ሰዓት እነሱ ስብሰባ ላይ የሚሆኑበት ስለሆነ ከወዲሁ መነጋገር ያስፈልጋል።

ለወንድማችን ያሳየሁት ግን የማስታወቂያውን የታችኛውን መስመር ነው፤ «በጀርመን የመሥራት ፈቃድ ያለው» ይላል። በግብርና በማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ምክንያት «ከርቀት» ሲባል ብዙ ጊዜ በዚያው አገር ከቤት ማለት ነው። ከዚህ ሆኖ መግባት የሚቻለው በአብዛኛው በኮንትራት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከዲግሪው በፊት የሚጠየቀው የተሠራ ሥራ ነው።

እኔ የጀመርኩት የአንድ አምራችን ገጽ በዶርም ጓደኞቼ አሮጌ ስልኮች በመሞከር ነው። አብዛኞቹ ጠቅላላ ዋጋውን ሊያገኙት አልቻሉም፤ አንዱማ ሳያውቀው ሁለት መኪና ሊያዝ ነበር። የተደናገሩበትን ጽፌ ገጹን በፊግማ እንደገና ሠራሁት። ማየት የሚፈልግ ካለ ኢንሻአላህ ሰኞና ሐሙስ ከዒሻ በኋላ ላይብረሪ አለሁ፤ ስልኩ አሮጌ የሆነ ቢመጣ ደግሞ ደስ ይለኛል፣ ሙከራው አላለቀም።