ሰባት ሆነን አንድ ማውስ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ምን እንደሆነ ግን አልጽፍም፤ እሱ መጽሐፋችን ላይ አለ። የምጽፈው ኮምፒውተር ክፍል ገብተን ለምን ሳንለምድ እንደምንወጣ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እንዳትስቁብኝ። ባለፈው ሴሚስተር የአይቲ የጽሑፍ ፈተና 20 ከ20 አመጣሁ። ከዚያ የተግባር ፈተና መጣ። መምህራችን «ፋይሉን ክፈቺና ስምሽን ጽፈሽ ሴቭ አድርጊ» አሉኝ። አንዴ ክሊክ አደረግኩ፤ እምቢ አለ። ቆይቼ ደገምኩ፤ አሁንም እምቢ አለ። ደብል ክሊክ ምን ማለት እንደሆነ በጽሑፍ ፈተናው መልሼያለሁ እኮ! እጄ ግን አያውቅም ነበር።

ቤት ስገባ ሒሳቡን ሠራሁት። ክፍላችን 56 ተማሪዎች ነን። የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 8 ናቸው። 56 ለ8 ሲካፈል 7 ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ለ7 ሲካፈል ለአንድ ሰው 6 ደቂቃ እንኳን አይሞላም። እሱም እኩል ከተካፈልን ነው። እውነቱን ለመናገር እኩል አንካፈልም። ማውሱን የሚይዘው ቤቱ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ነው፤ ምክንያቱም እሱ ቶሎ ይሠራል። ሌሎቻችን ከኋላ ቆመን «እዚያ ጋ ንካው» እንላለን። ስለዚህ የሚችለው የበለጠ ይችላል፤ የማይችለው እንደቆመ ይቀራል።

ታዲያ ልጆች ኮምፒውተር ለመልመድ ምን ያስፈልጋቸዋል? መምህራችንን ስጠይቃቸው አንድ ታሪክ ነገሩኝ። በ1999 እ.ኤ.አ. ሱጋታ ሚትራ የሚባሉ ሰው ሕንድ አገር፣ ኒው ዴልሂ ከተማ፣ ከድሆች ሠፈር አጠገብ ያለ ግድግዳ አስበስተው ኮምፒውተር አስገቡበት። አስተማሪ አልነበረም። የሠፈሩ ልጆች ግን እየነካኩ ማውስ ማንቀሳቀስና ኢንተርኔት መክፈት ለመዱ። በኋላ ቦታውን ያዩ ሰዎች ደግሞ ልጆቹ ብዙውን ጊዜ ጌም ሲጫወቱና ሥዕል ሲሥሉ እንደሚቆዩ ጻፉ። እኔ ከዚህ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ እጅ ካልነካ አይለመድም። ሁለተኛ፣ ቁም ነገር ለመሥራት የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል።

በአገራችንም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ «5 ሚሊዮን ኮደርስ» የሚባል ሥልጠና አለ። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ አፕ መሥራት በኢንተርኔት በነፃ ይማሩበታል። የጨረሰ ሰርተፍኬት ያገኛል። ነፃ መሆኑ በጣም ደስ ይላል። ግን ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ እዚያ እንዴት ይደርሳል? መንገዱ የሚጀምረው ከኛ ኮምፒውተር ክፍል ነው።

አዲስ ኮምፒውተር እስኪመጣ ድረስ እነዚህን ማድረግ እንችላለን፦

1. በየ5 ደቂቃው ማውሱ ለሚቀጥለው ልጅ ይለፍ። ቤቱ ኮምፒውተር የሌለው ልጅ ይጀምር።

2. የሚችለው ልጅ በአፉ ያሳይ እንጂ በእጁ አይንካ።

3. ተራ የሚጠብቁ ልጆች ካርቶን ላይ በተሣለ ኪቦርድ የፊደሎቹን ቦታ ይለማመዱ።

4. ክፍሉ ቅዳሜ ጠዋት ይከፈትልን። ኢንተርኔት ባይኖርም ችግር የለም። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ዊኪፔዲያን አንዴ ካወረዱበት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል።

የኛ ቡድን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለሦስት ሳምንት ሞክሯቸዋል። መጀመሪያ ላይ ላፕቶፕ ያለው ጓደኛችን ተናዶ ነበር፤ አሁን ግን ከሁላችንም የበለጠ የሚያስረዳን እሱ ነው። እኔም ፋይል ከፍቼ ስሜን ጽፌ ሴቭ አደርጋለሁ። ይህን ጽሑፍ በኮምፒውተር ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ግን በ5 ደቂቃ ውስጥ የጻፍኩት ሁለት መስመር ብቻ ነው!

አራተኛው ግን በኛ አቅም አይሆንም፤ ቁልፉ ያለው ቢሮ ነው። ስለዚህ ርእሰ መምህራችንን በአክብሮት እንጠይቃለን፤ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብቻ ይፍቀዱልን። ጠርገን፣ አቧራውን ወልውለን፣ ቆጥረን እናስረክባለን።

ሺህ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት ይባላል። ለኮምፒውተር ግን ሺህ ጊዜ ከማየት አንድ ጊዜ መንካት ይሻላል እላለሁ።