ልብ ሲጠገን አእምሮ፦ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚታዩ የማሰብና የማስታወስ ለውጦች



ከልብ ቀዶ ሕክምና የተመለሰ ሰው መድኃኒቱን መውሰዱን ሲረሳ፣ የጀመረውን ወሬ መጨረስ ሲያቅተው ቤተሰብ ይደነግጣል። የዛሬው ንግግሬ ይህ ለውጥ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይና ለእኛ ምን ትርጉም እንዳለው ያብራራል።

እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ጊቦን የልብንና የሳንባን ሥራ በሚተካ መሣሪያ እየታገዘ የአንዲት ወጣት ልብ ከፍቶ በተሳካ ሁኔታ ጠገነ። ከዚያ በኋላ የልብ ቀዶ ሕክምና በእጅጉ ተስፋፋ። ይሁን እንጂ ደም ከሰውነት ወጥቶ በቱቦ ሲዘዋወር ጥቃቅን የአየር አረፋዎች፣ የስብ ቅንጣቶችና የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊደርሱ ይችላሉ። የደም ግፊት መዋዠቅ፣ በመላ ሰውነት የሚቀሰቀሰው ብግነት እና በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚደርሰው የእንቅልፍ እጦትም ተጨማሪ ጫና ይፈጥራሉ።

የሚከተሉትን ሁኔታዎች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ዴሊሪየም የሚባለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታይ፣ በቀን ውስጥ እየመጣ የሚሄድ የአእምሮ መቃወስ ነው። ስትሮክ በድንገት የሚደርስና በአንድ ወገን ድካም ወይም በአንደበት መያዝ የሚታወቅ ነው። ሦስተኛው፣ በፈተና ካልተለካ በቀር የማይታየው፣ ረቂቅ የማስታወስና የትኩረት መቀነስ ነው።

ስለዚህ ሦስተኛው ችግር እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ብዙ አነጋግሯል። የልብ ደም ሥር ማለፊያ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ታማሚዎች መካከል ከሆስፒታል ሲወጡ 53 በመቶው፣ ከስድስት ወር በኋላ 24 በመቶው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ 42 በመቶው የአእምሮ ብቃት መቀነስ ታይቶባቸዋል። ብዙዎች ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ጣሉ። ሆኖም በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ተመሳሳይ የልብ ሕመም ኖሯቸው ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸው ሰዎችም በዓመታት ውስጥ ተቀራራቢ መቀነስ እንደሚያሳዩ አመለከቱ። ያለ መሣሪያው የተሠሩ ቀዶ ሕክምናዎችም በዚህ ረገድ ጉልህ ብልጫ አላሳዩም። እንግዲህ የመጀመሪያው ሳምንት መደናገር በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናው ጋር ሲያያዝ፣ የረዥም ጊዜው መቀነስ ግን በከፍተኛ ደረጃ ከደም ሥር ሕመሙና ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ይመስላል።

እነዚህ ቁጥሮች እንዳሉ ወደ እኛ አገር ሊዛወሩ አይችሉም። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ የልብ ሕክምና ማዕከል ከሚያክማቸው መካከል ብዙዎቹ ከልብ ጉድለት ጋር የተወለዱ ወይም በሩማቲክ ሕመም የልባቸው በሮች የተጎዱ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። የወጣት አንጎል የማገገም አቅሙ ከፍተኛ ነው። በሌላ በኩል ሩማቲክ ትኩሳት ራሱ አንጎልን ሊነካ ይችላል፤ የልብ ምት መዛባትም የረጋ ደም ወደ አንጎል እንዲሄድ ያደርጋል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያልተለካን አእምሮ «ቀዶ ሕክምናው ጎዳው» ማለት አይቻልም። መለኪያውም ፍትሐዊ ይሁን፦ ካፊ ኖኖ አፉን የፈታበትን፣ ትምህርት ቤት ያልገባን ገበሬ በአማርኛ ጽሑፍ መፈተን የሚለካው የማስታወስ ችሎታውን ሳይሆን የትምህርት ዕድሉን ነው።

ጉዳዩ የሚከብደው ለምሳሌ ወደ ቢታ ገነት የሚመለሰውን ታማሚ ስናስብ ነው። ሰው ሠራሽ ብረታማ የልብ በር የገባለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል። መጠኑ ካነሰ ደም በበሩ ላይ ይረጋል፤ ከበዛ ደም ይፈሳል። እንደ ጎመን ያሉ ቅጠላ ቅጠሎችን አንድ ሰሞን አብዝቶ ሌላ ጊዜ መተው እንኳ የመድኃኒቱን ኃይል ይለዋውጣል። ይህ ሁሉ መመሪያ የሚነገረው ታማሚው ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን ነው፤ ይኸውም ከላይ እንዳየነው አእምሮው በጣም በደከመበት ሰዓት። ከዚያ በኋላ በቦንጋና በጅማ በኩል አዲስ አበባ ድረስ ያለው ረዥም መንገድ በታማሚውና በሐኪሙ መካከል ይገባል።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ምክሩ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጀመር፤ አስታማሚው አብሮ ይስማ፤ የሰማውንም በራሱ ቋንቋ መልሶ ይናገር። ከስድስት ሳምንት በኋላ በአቅራቢያው ባለ ጤና ተቋም እንደገና ይነገረው። ለቤተሰብም፣ የመጀመሪያው መርሳት አብዛኛውን ጊዜ እንደሚሻሻል፣ ድንገተኛ የአንደበት መያዝ ግን ለነገ እንደማይባል ይነገር።

ውድ ተማሪዎች፤ የተጠገነ ልብ የሚጠበቀው በሚያስታውስ አእምሮ ነው። አእምሮው እስኪበረታ ድረስ ማስታወሱ የእኛ ኃላፊነት ይሁን።